ድርሻዋን የጠየቀች ሴት ጨዋ አይደለችም ያለው ማነው?



«እሷ እኮ ጨዋ ናት፤ ወንድሞቿ ቤቱን ሲከፋፈሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።» ይህን ሙገሳ ሰምቶ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ይነገራል። ሰርግ ላይ ይነገራል። ልጅ ስትታጭ የእናቷን ማንነት ለማስመስከር ይነገራል። የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ሰጋጆች ናቸው፣ የፊት ሶፍ የማይለቁም አሉባቸው። የሚያደንቁት ግን ምንን ነው? አንዲት ሴት አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣኑ ቆጥሮ የሰጣትን ሀቅ ተነጥቃ ዝም ማለቷን ነው። ዙልም ተፈጸመባት፤ እኛ ደግሞ ለዙልሙ ያማረ ስም አወጣንለት።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ስም ነው። «ጨዋ» የምትለውን ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃታል። ትርጉሟን ተናገሩ ቢባል ግን አንዱ የተከበረ ይላል፣ አንዱ ሥርዓት ያለው፣ አንዱ ቁጥብ፣ አንዱ ዓይን አፋር። እኔ ማን ለማን፣ መቼ እንደሚላት ማዳመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። አከራይ ስለ ተከራዩ «ጨዋ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ኪራይ ሲጨመርበት አይከራከርም ማለቱ ነው። አሠሪ ስለ ቤት ሠራተኛዋ «ጨዋ ልጅ ናት» ስትል ደመወዟ ሁለት ወር ቢዘገይም አትጠይቅም ማለቷ ነው። ባል ስለ ሚስቱ «ጨዋ ናት» ሲል፣ ኒካሕ ሲታሰር የተነገረላትን መህር እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፤ ሙገሳውን የሚሰጠው በዝምታው የሚጠቀመው ሰው ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም። ምላሱን የሚጠብቅ፣ ዓይኑን የሚሰብር፣ የሰው ገመና የሚሸፍን ሰውም ጨዋ ይባላል። ይህ የቃሉ ትክክለኛ ቦታ ነው፤ ማንም አይነካውም። እኔን የሚያስጮኸኝ ቃሉ ወደ ንብረት ሲገባ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለነገሩ ቃሉ ራሱ ብዙ ዞሮ ነው እዚህ የደረሰው። በግእዝ «ፄዋ» ምርኮ ማለት ነው፤ «ጨዋ»ን ከዚሁ ጋር የሚያያይዙ የታሪክ ሰዎች አሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ የሚባሉት በየአውራጃው የሰፈሩ የንጉሥ ጭፍሮች ነበሩ። ሲኖሩም በሰፈሩበት አገር ገበሬ ላይ ነው። ቃሉ ደግሞ ባሪያ ላልሆነ፣ በእጅ ሥራ ለማይተዳደር፣ ዘሩ ለሚቆጠር ሰው መጠሪያ ሆነ። «የጨዋ ልጅ» ማለት አባቱ ማን እንደሆነ የሚታወቅ፣ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ያልሆነ ማለት ነበር። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ከካህናት ወገን ያልሆነ፣ ያልተማረ ሰው ጨዋ ይባላል። ወታደሩም፣ ባለ ዘሩም፣ መሃይሙም በአንድ ቃል ተጠርተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቃል በአላህ ሸሪዓ ላይ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ የፈቀደለት ማነው?

በዚያ በድሮው ሚዛን የእኛ አያቶች የት ነበሩ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የጎንደር ሙስሊሞች ከሌላው ተለይተው እንዲኖሩ ተደርጓል። በብዙ የሰሜን አገር ሙስሊሙ ርስት ስላልነበረው በሽመናና በንግድ ነው የኖረው። ሸማኔ ደግሞ በዚያ ሚዛን ጨዋ አይደለም። ዘመን አለፈና ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ወጡ። እኩልነት ጠየቁ፤ ዒዳችን እንደ አገር በዓል ይከበር አሉ። ያን ቀን ቤታቸው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ «ጨዋ እስላሞች» ይባሉ ነበር። ዛሬ በዒድ ቀን መሥሪያ ቤት የሚዘጋው እነሱ ስለጠየቁ ነው። በዚያ ሰልፍ የምንኮራ ሰዎች እህታችን «ድርሻዬስ?» ስትል «ዓይን አወጣች» የምንልበትን አፍ ከየት አመጣነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሆኑ። ሁለት ሴት ልጆችና ሚስት ትተዋል። የሟቹ ወንድም መጣና ንብረቱን በሙሉ ወሰደ። በጊዜው ልማድ ያደረገው ነገር ነውር አልነበረም። በጃሂሊያው ዐረብ ዘንድ ፈረስ ጋልቦ፣ ጦር ይዞ ወገኑን የማይከላከል ሰው አይወርስም ነበርና ሴትና ሕፃን ከቁጥር ውጭ ነበሩ። ታዲያ ያቺ ሐዘንተኛ ምን አደረገች? «ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሰው ምን ይለኛል» ብላ ተቀመጠች? ልጆቿን ይዛ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄደች። እነዚህ የሰዕድ ልጆች ናቸው፣ አጎታቸው ገንዘባቸውን ወሰደው፣ ገንዘብ ከሌላቸው ደግሞ ማንም አያገባቸውም ብላ በግልጽ ተናገረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልገሠጿትም። አላህ በዚህ ጉዳይ ይፈርዳል አሏት። የውርስ አንቀጹ ወረደ። ወደ አጎትየው ላኩና ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የተረፈው የእሱ እንደሆነ ነገሩት። ሐዲሱን ከጃቢር (ረ.ዐ) ይዘው አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል።

እስቲ ያቺን ሴት ወደ እኛ ሰፈር አምጧት። ባሏ የተቀበረበት አፈር ሳይደርቅ ስለ ገንዘብ አነሳች። የባሏን ወንድም ከሰሰች። ያውም ትልቅ ሰው ፊት ቆማ። በእኛ መዝገብ ይህች ሴት ባለጌ ናት፤ ዓይን አውጣ ናት፤ «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ለገንዘብ ሮጠች» ትባላለች። ከዐርሽ በላይ ያለው ጌታ ግን ለእሷ አቤቱታ እስከ ቂያማ የሚነበብ ቁርኣን አወረደ። ሱረቱ አን-ኒሳእ 11ኛውንና 12ኛውን አያ በቀራህ ቁጥር ያነበብከው፣ ዝም አልልም ያለችን አንዲት ሴት ጉዳይ ነው።

በዚያው ሱራ 7ኛው አያ ላይ አላህ ወንዶች ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ድርሻ እንዳላቸው፣ ሴቶችም እንዲሁ ድርሻ እንዳላቸው፣ ንብረቱ ጥቂትም ይሁን ብዙ ድርሻው የተወሰነ ግዴታ መሆኑን ተናግሯል። «ጥቂትም ቢሆን» የምትለውን አትለፏት። «ምን አላት፣ ጎጆ ናት፤ ለእሷ ምን ይደርሳታል ብለን ነው» የምንለው ሰበብ እዚያው ተዘግቷል። ድርሻዎቹ ተዘርዝረው ካለቁ በኋላ ደግሞ 13ኛውና 14ኛው አያ እነዚህ የአላህ ወሰኖች መሆናቸውን ይነግሩናል፤ ለጠበቀ ጀነት፣ ለጣሰ እሳት። ስለ ሶላት ዝርዝር እንዲህ በክፍልፋይ ተቆጥሮ በቁርኣን ውስጥ አልመጣም፤ ስለ ሚራስ ግን ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶ፣ ስድስተኛ እየተባለ መጥቷል። ለሽማግሌ ግምት የተተወ ነገር የለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሰው ሞተ፤ ወላጆቹ ቀድመውት ሞተዋል። ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ተወ። ከቀብር ወጪ፣ ከዕዳና ከኑዛዜ በኋላ 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ቀረ እንበል። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 1 ሚሊዮን። የቀረው 7 ሚሊዮን ለልጆቹ፣ ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወንድ 2 ሚሊዮን፣ ለእያንዳንዷ ሴት 1 ሚሊዮን። እናትና ሦስቱ ሴቶች አንድ ላይ 4 ሚሊዮን አላቸው። የቤቱ ግማሽ ማለት ነው! በየሰፈራችን የሚሆነውስ? ሁለቱ ወንዶች አራት አራት ሚሊዮን ይዘው ይነሳሉ። እናትየው «ጨዋ እናት» ተብላ አንድ ክፍል ይሰጣታል፤ ሴቶቹ «ጨዋ እህቶች» ይባሉና በዒድ ሲመጡ ሥጋ ይቀርብላቸዋል። አራት ሚሊዮን ብር በአንዲት ቃል ተገዛ። ከዚህ በላይ የረከሰ ገበያ አላውቅም። (ይህ ሁሉ ደግሞ ቤቱ የሟች ብቻ ከሆነ ነው። እናትየው ነግዳ፣ እንጀራ ጋግራ ሸጣ አብራ የሠራችው ከሆነ የእሷ ድርሻ መጀመሪያውኑ ውርስ አይደለም፤ ተቀንሶ መውጣት ያለበት የገዛ ንብረቷ ነው።)

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። የውርስ እኩልነት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ቁርኣን ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ብሏል!» ብለው ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚከራከሩ ወንድሞች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብሏል። ግን እነዚሁ ሰዎች የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ ስንት ለስንት እንደተካፈሉ ጠይቋቸው። ቀን ሁለት ለአንድ ብለው ሲሟገቱ ይውሉና ማታ ሁለት ለዜሮ ይካፈላሉ። አያው ግማሿን ነው የሚለው፤ ዜሮ የሚል ቂርኣት ከየት መጣ? «እህቶች መብታቸውን ይጠይቁ የሚለው የምዕራባውያን አስተሳሰብ ነው» የሚለኝ ካለም ሱረቱ አን-ኒሳእ መዲና ላይ እንደወረደች ላስታውሰው።

«በራሷ ፈቃድ ነው የተወችው» ይባላል። ይህ ትልቁ ሰበብ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አዎ፣ ባለ ሀቅ ሀቁን መተው ይችላል። አላህ ስለ መህር በተናገረበት 4ኛው አያ ላይ ሚስቶች ነፍሳቸው ወድዳ ከሰጧችሁ ብሉ ብሏል። መስፈርቱ የነፍስ መውደድ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የሙስሊም ገንዘብ በነፍሱ ደስታ ካልሆነ በቀር ለማንም ሐላል እንደማይሆን አስተምረዋል። እንግዲህ ስድስት ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ፣ ታላቅ ወንድም አንገቱን ደፍቶ፣ አክስት ከጓዳ ብቅ ብላ «ልጄ፣ አንቺ ጨዋ ነሽ፤ ወንድሞችሽን አታሳዝኚም» ብላ፣ ወረቀቱ ፊቷ ተዘርግቶ፣ እስክሪብቶው እጇ ላይ ተቀምጦ የፈረመች ሴት ነፍሷ ወድዳ ነው? ዑለማዎቻችን ሰውን በማሳፈር የተወሰደ ገንዘብ በጉልበት እንደተነጠቀ ነው፣ ሐራም ነው ሲሉ የኖሩት ይህንን ነው። ያቺ ክፍል ውስጥ ሰይፍ አልተመዘዘም። «ጨዋ» የምትለው ቃል ግን የሰይፉን ሥራ ሠርታለች።

«ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» የሚልም አለ። ወንድሜ፣ እሱ ሐዲስ የመጣው አግብታ የማታውቅ ልጅ ለኒካሕ ፈቃዷ ሲጠየቅ ነው፤ ስለ ቤት ካርታ አይደለም። በሌላው ጉዳይ ከኢማሙ ሻፊዒይ (ረ.ሒ) ተወስዶ በፊቅህ ኪታቦች የሚጠቀስ መርሕ አለ፤ ዝም ባለ ሰው ላይ ያልተናገረው ቃል አይለጠፍበትም።

«ሴት ልጅ ሐያእ ያስፈልጋታል» ለሚለውም መልስ አለ። ያስፈልጋታል፤ ለወንድም ያስፈልገዋል። ሐያእ ከኢማን ነው። ግን ሐያእና ማፈር አንድ አይደሉም። ሐያእ ከመጥፎ ሥራ ይከለክላል፤ ማፈር ከሀቅ ይከለክላል። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ብዙ ሰው ለመናገር የሚሸማቀቅበትን የጀናባ ጥያቄ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ፣ አላህ ከእውነት እንደማያፍር አስቀድማ ተናግራ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነችው ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነው። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) እንኳ ከአባቷ ውርስ አለኝ ብላ አቡበክርን (ረ.ዐ) ጠይቃለች፤ ቡኻሪ ውስጥ ያለ ነው። አቡበክር የመለሱላት ነቢያት አይወረሱም በሚለው ሐዲስ ነው። መልሳቸው ማስረጃ ነበር፤ «አንቺ የጨዋ ልጅ፣ እንዴት ስለ ንብረት ታነሻለሽ?» አላሏትም።

የጠየቀው ሰው ሥርዓት ቢያጓድልስ? እሱም ተነግሮልናል። አንድ ሰው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ያበደራቸውን ግመል ሊጠይቅ መጣና በንግግሩ ሻከረባቸው። ሶሓቦች ሊነሱበት ሲሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሏቸው፤ ባለ ሀቅ የመናገር መብት አለውና ተዉት አሉ። ከዚያም ካበደራቸው የተሻለ ግመል እንዲሰጡት አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እኛ ዘንድ ግን እህት ድምፅዋ ከፍ ካለ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ስለ ቤቱ መነጋገር ይቀርና ስለ ድምፅዋ እንነጋገራለን። ድሮ ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ እንደነበረች፣ ማን እንዳበላሻት፣ ባሏ እንደሆነ የሚገፋፋት...

ስለ ዐረብ ሀገር እህቶቻችን ካላነሳሁ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ይህ ውርስ እንኳ አይደለም፤ ይብሳል። ልጅቱ ጅዳ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ በየወሩ ብር ትልካለች። መሬት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፤ ካርታው ግን በአባት ወይም በወንድም ስም ይወጣል። «አንቺ እዚህ የለሽ፣ ለአሠራር እንዲመች ነው።» ጨዋ ልጅ ናትና አልተከራከረችም። ተመልሳ ስትመጣ ወንድም አግብቶ ወልዶበታል። አባት ሞቶ ከሆነ ደግሞ በገዛ ላቧ የተሠራው ቤት የአባት ውርስ ተብሎ ይቀርባል፤ ያውም ድርሻ ከደረሳት! «የላክሁት ብርስ?» ካለች የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «ዐረብ ሀገር ሄዳ ተበላሸች። ድሮ እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች።» ተመልከቱ፤ ስትልክ ጨዋ፣ ስትጠይቅ የተበላሸች። የልጅቷ ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው ብሩ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ከሰው መሬት ስንዝር ያህል በዙልም የወሰደ ሰው ከሰባት ምድር እንደሚጠለቅበት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የእህት መሬት ሲሆን ይቀራል የሚል ጭማሪ ግን የለውም።

እስቲ ቃሉን ወደ ወንዱ እናዙረው። ወንድምየው እኮ በሰፈሩ ጨዋ ነው የሚባለው። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ለሽማግሌ ይነሳል፣ ለመስጂድ ማሠሪያ አዋጥቷል፣ በረመዳን ያስፈጥራል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ ሰው ለሌላው ደግነት ሊመሰክር መጣ። ጎረቤቱ ነህን? አሉት። አይደለሁም አለ። አብረኸው መንገድ ተጉዘሃል? አልተጓዝኩም። በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተሃል? የለም አለ። እንግዲያ አታውቀውም አሉት። ዘገባው እንደሚለው የዑመር መለኪያ ይህ ነበር። ፉቀሃዎችም አንድ ሰው ለምስክርነት እንዲበቃ «ሙሩኣ» ይጠይቃሉ፤ ከዐረብኛው ለእኛው «ጨዋነት» የሚቀርበው ይህ ቃል ይመስለኛል። ገበያ መሀል እየበሉ መሄድ እንኳ ሙሩኣን ያጎድላል ያሉ አሉ። መንገድ ላይ ቆሎ መቆርጠም የሚያጎድለው ጨዋነት፣ የየቲም እህትን ሁለት ክፍል ቤት መብላት ሳይነካው ይቀራል?

ልዩ ሁኔታ የለም አልልም። አንዱ ወንድም አሥር ዓመት እናቱን አስታሞ፣ የቤቱን ግብር ከፍሎ፣ ጣሪያውን ከኪሱ አድሶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሀቅ ነው፤ ሊታሰብለትም ይገባል። ግን ያወጣው ወጪ ተቆጥሮ፣ በደረሰኝም ይሁን በምስክር፣ ሁሉም ወራሽ ባለበት ይነገር። የታደሰ ጣሪያ የእህትን ድርሻ በሙሉ አያስቀርም።

ሽማግሌዎቻችንም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እናንተ የምታስታርቁት በሁለት ሀቅ መካከል ነው እንጂ በሀቅና በይሉኝታ መካከል አይደለም። ከመቀመጣችሁ በፊት ሚራስ የሚያውቅ ዓሊም ጥሩና ድርሻው በቁጥር ይነገር፤ ሴቶቹም ጓዳ ሆነው በሰው በሰው ሳይሆን እዚያው ተቀምጠው ይስሙ። አንዲት እህት መተው ከፈለገች መጀመሪያ የደረሳትን ትወቅ፣ ትረከብ፣ በስሟ ይሁን። ወር ሁለት ወር በእጇ ካደረ በኋላ ለወንድሟ መልሳ ብትሰጠው ያኔ ስጦታ ነው፤ ባረከላሁ ፊኩም እንላለን። ስንት እህት እንደምትመልስ ያን ጊዜ እናያለን።

በአገሪቱ ሕግ በኩልም መንገዱ ክፍት ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረው የተቋቋሙ ናቸው፤ ውርስ ያያሉ፤ ተከራካሪዎቹ በዚያ ለመዳኘት መፍቀድ አለባቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የሴቶች የውርስ መብት ተጽፏል። እህቴ፣ አንድ ነገር ግን እወቂ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 የወራሽነት ጥያቄን በይርጋ ያግዳል፤ መብትሽንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቅሽ 3 ዓመት። ለአንቺ ጉዳይ እንዴት እንደሚሠራ ሳትውይ ሳታድሪ የሕግ ሰው ጠይቂ። «ቆይ፣ ሐዘኑ ይውጣ፣ አንቺ ጨዋ ነሽ፣ አትቸኩዪ» እያሉ የሚያቆዩሽ ሁሉ ይህን ሳያውቁ ነው ብለሽ አትገምቺ።

ወንድሜ፣ አንተም ፍርድ ቤቱ በይርጋ ቢዘጋው ደስ አይበልህ። አላህ ዘንድ የሰው ሀቅ ይርጋ የለውም። ዓመት ስላለፈ የእህትህ ድርሻ ያንተ አይሆንም። ሐጅ ብትሄድም አብሮህ ሄዶ አብሮህ ይመለሳል። እህትህ ሞታ ከሆነ ሀቁ የልጆቿ ነው። ስልካቸው እጅህ ላይ አለ።

ወላሁ አዕለም።